ከለቅሶና ከፍትሐት ሥርዓት ተነሥቶ የሚያስፈራ ሥዕል መሥራት፦ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የጣና ዳር ሠዓሊት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን በሸራ ላይ በአክሪሊክና በከሰል እሥላለሁ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ካፌ ባዶውን አዳራሹን ለሥዕል ትርኢት ሊሰጠኝ ስለፈቀደ፣ ለብዙ ጊዜ ሳስበው የቆየሁትን ርእሰ ጉዳይ፣ ማለትም ሙታንን የምናስብበትን ሥርዓት፣ ለመሥራት ቆርጫለሁ። ገና ጎሕ ሳይቀድ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ በየቤቱ የሚሰማው ድንጋጤ፣ መርዶው፣ ሙሾው፣ ድንኳኑ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ ከልጅነቴ ጀምሮ በውስጤ የተቀመጡ ነገሮች ናቸው። የምመኘው ተመልካቹ ከሥራዎቹ ፊት ሲቆም ሰውነቱን ውርር እንዲያደርገው ነው፤ ነገር ግን ደሙን ወይም ሬሳውን አይቶ እንዲዘገንነው አልፈልግም።

እስካሁን የነደፍኳቸው ንድፎች በአብዛኛው የራስ ቅልና ነጭ ቀለም የተቀባ ፊት ያለባቸው ናቸው፤ ከሜክሲኮ የሙታን ቀን ፎቶግራፎች የተወሰዱ ለመሆናቸው አልክድም። ጓደኞቼ ወደዷቸው። አክስቴ ግን መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ ካየቻቸው በኋላ «ይህ ደግሞ የማን አገር ሞት ነው?» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ብሩሼን ማንሣት አልቻልኩም።

የራስ ቅል ሳይኖር ማስፈራት ይቻላልን? ከሥርዓቶቻችን ውስጥ ለሥዕል ሊወሰድ የሚገባው፣ እጅ ሊነካው የማይገባው የትኛው ነው? በተጨማሪም በጣና ደሴት ላይ ባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን የነገሥታት አፅም መሥራት እፈልግ ነበር፤ ሆኖም ወደ ደሴቱ ሴት ስለማይገባ ያየው ወንድሜ በቃል የነገረኝን ብቻ ይዤ መሥራቱ ተገቢ መሆኑን አላውቅም።


ብራና ፋቂ፦

እኅቴ፣ የአክስትዎ ጥያቄ ብዙ ሐያሲ ተሰብስቦ ከሚሰጠው አስተያየት ይበልጣል፤ ስለዚህ ከእርሱ እንነሣ።

የራስ ቅሉ በሜክሲኮ ቦታው ላይ ነው። በዚያ አገር በኖቬምበር 1 እና 2 ሙታን ለአጭር ጊዜ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ቤተሰቡ ፎቶግራፋቸውን፣ ይወዱት የነበረውን ምግብና ብርቱካንማ አበባ ደርድሮ በደስታ ይጠብቃቸዋል፤ ከስኳር የሚሠራው የራስ ቅልም ጣፋጭ እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም። ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የተባለው የኅትመት ሠዓሊ (እ.ኤ.አ. 1852–1913) ባርኔጣ ያለበሳቸው አፅሞችም የተሠሩት በቁም ባሉ ሰዎች ትዕቢት ለመሣለቅ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሟች ለግብዣ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም። በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በዐሥራ ሁለቱ፣ በሠላሳው፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱና በሰባት ዓመቱ ከኋላው ጸሎት ይላክለታል፤ ሟቹ እየራቀ ይሄዳል፣ እኛ ደጅ ላይ ቆመን እንሸኛለን። ስለዚህ የራስ ቅሉን እዚህ ሲያመጡት ሣቁ እዚያው ይቀርና አጥንቱ ብቻ ይመጣል።

የእኛ ሥዕል የሚያስፈራው በዓይን ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም በዘጌ ያሉትን ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ተሳልመው ከሆነ እንደሚያስታውሱት፣ ቅዱሳኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰቃዮቹ፣ ከሐድያኑና አጋንንቱ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ይህንን ሕግ ማንም ሳያስረዳው የሚያድግ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እንግዲህ አንዲት ሐዘንተኛ ሴት፣ ከል የለበሰች፣ ነጠላዋን ጥለቱ ወደ አንገቷ እንዲሆን አድርጋ የለበሰች፣ ከእርሷ ምንም ክፉ የማይጠበቅ፣ በጎን በአንድ ዓይን ተሥላ ብትታይ ምን እንደሚሰማዎት ያስቡት። እዚያ ላይ ደም የለም፣ አጥንትም የለም፤ ነገር ግን የአካባቢያችን ሰው ሥዕሉን ጥሎ መሄድ ያቅተዋል።

ሁለተኛው የዓይን ምንጭ ክታብ ነው። ክታብ የሚጻፍበት ብራና እንደ ልማዱ የባለቤቱን ቁመት ያህል ተደርጎ ይቆረጣል፣ ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። በጽሑፉ መካከል ስምንት ማዕዘን ያለው ኮከብ ይሣልና በመካከሉ ፊት፣ በየማዕዘኑ ደግሞ ዓይን ይደረጋል፤ እነዚያ ዓይኖች መጀመሪያ የሚመለከቱት ሰውን ሳይሆን በሽታ ያመጣል የተባለውን መንፈስ ነው። የሰው ቁመት ያለው ጠባብ ሥዕል፣ ተመልካቹ ካለበት ቦታ አልፎ ከኋላው ያለውን ነገር የሚያይ ዓይን ቢኖረው ተመልካቹ ዘወር ብሎ ኋላውን ሳያይ አይቀርም። ቁመቱንና አስተያየቱን ይውሰዱ፤ አስማቱን ግን አይገልብጡ።


የደራ ሰው፦

ልጄ፣ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ነገር ግን እናቴ በአገሩ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ስለነበረች ስለ ለቅሶው ጥቂት ማለት እችላለሁ።

በእኛ ገጠር ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው የሚቆመው ሜዳ ላይ ነው። የሟቹ በቅሎ ወይም ፈረስ ሙሉ ዕቃው ተጭኖ ባዶውን ኮርቻ ይዞ በሕዝቡ መካከል ይዞራል፤ ጠመንጃው፣ ካባው፣ ባርኔጣው ሰው ይዞት ይወጣል። ኋላ ላይ በትልቁ የታጠበ ፎቶግራፉ ተጨመረበት። እናቴ ግጥሙን የምታወርደው ከዕቃው ተነሥታ ነበር፤ ኮርቻውን ታነሣለች፣ ከኮርቻው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ደረሰበት ገበያ፣ ከገበያው ተመልሳ አሁን ማን እንደሚጠብቀው ወደ ማያውቀው ቤት ትወርዳለች፤ ሕዝቡ ይቀበላታል፣ ደረቱን ይመታል። ሬሳውን በግጥሟ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ለቅሶ ዛሬም ዓይኔ ላይ ያለው በቅሎዋ ናት፤ የሚጮኸው ሰው ሲከባት ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ እርካቡ ከጎንና ከጎኗ ባዶውን እየተወዛወዘ፣ ልጓሟን የያዘው ልጅ ደግሞ ቀና ብሎ ማየት እየፈራ።

እንግዲህ የሚያስፈራ ነገር ከፈለግሽ ሰውየውን አትሣይው። ኮርቻውን ሣይ፣ ማንም ሳይጫንበት እርካቡ ግን የሰው ክብደት እንዳለበት ወደ ታች ተወጥሮ። ወይም የድንኳኑን ውስጥ ሣይው፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አግዳሚው እንደተደረደረ፣ ንፍሮው በሳፋ ላይ እንደቀረ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ድንኳን ገብተሽ በስልክ ሙሾ ቀድተሽ ትርኢትሽ ላይ አታሰሚ። ሙሾ በስም የተጠራ ሟች አለው፤ ዘሩ፣ ሙያው፣ የልጆቹ ስም ሁሉ በውስጡ ነው፤ የሟቹ ልጅ ካፌው ውስጥ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ የአባቱን ሙሾ ቢሰማ ያ ሥዕል አይደለም። ድምፅ ካስፈለገሽ ጡሩምባው ይበቃል፤ እርሱ የማንንም ስም አይጠራም።


ዘኁልቆ፦

ከላይ የተሰጡት ምክሮች መልካም ቢሆኑም እኔ በመሠረቱ ጥያቄ አለኝ። ለሙታን የሚደረግ ሥርዓት ዓላማው ማጽናናትና ይቅርታን መለመን ሆኖ ሳለ፣ ከውስጡ ማስፈራሪያውን ብቻ ለቅሞ ማውጣት ሥርዓቱን ከጎኑ መመልከት አይሆንም ወይ? ቤተሰቡ ገና ሰማንያ ያላወጣ ሰው ወደ አዳራሹ ቢገባስ?

ይህን ስል ግን ቤተ ክርስቲያን ፍርሃትን አታውቅም ማለቴ አይደለም። በግድግዳው ላይ ሲኦል ተሥሏል፤ በላዔ ሰብም ሰው ሲበላ ተሥሏል። ሆኖም የበላዔ ሰብ ታሪክ የበላቸው 78 ነፍሶች ላይ አይቆምም፤ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ነፍሱ የምትመዘንበት ሚዛን እስኪያጋድል ድረስ ይዘልቃል። የጥንቶቹ ሠዓልያን ጭካኔውን ሳይሸፍኑ ሥለውታል፤ ውኃውንም ከዚያው አጠገብ አድርገውታል። ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ሰው፣ በአንድ በኩል ያ ሁሉ ሬሳ፣ በሌላው በኩል እፍኝ የማይሞላ ውኃ ያለበት ሚዛን ራሱን የቻለ ትልቅ ርእስ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከየትኛውም የራስ ቅል የበለጠ ያስጨንቃል፣ ሚዛኑ ገና ሳያጋድል ከተሣለ ደግሞ ይበልጥ።

ሌላም ልጠቁምዎ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሳዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ጸሎተ ግንዘት አስቀድሞ ይደርሳል። ሰው ዘንባባውን በእጁ ይዞ፣ በጣቱ ላይ የዘንባባ ቀለበት አድርጎ፣ በሕይወት ሳለ ለሙታን የሚነበበውን ጸሎት ይሰማል፤ ለማን እንደተነበበ በዚያች ሰዓት የሚያውቅ የለም። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ ነጭ ነጠላ የለበሰውን ያን ሕዝብ ያስቡት። ማንንም ሳይሰድቡ፣ ሥርዓቱንም ሳያጣምሙ የሚፈልጉትን ውርርታ የሚያገኙት ከዚህ ነው።

ስለ ዳጋ እስጢፋኖስ፦ በዚያ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ መነኮሳቱ ይጠብቁታል። የእነዚህን ሰዎች ፊት ከወንድምዎ ወሬ ተነሥተው እንዳይሥሉ እመክራለሁ፤ ስሕተት ስለሚሆን ብቻ አይደለም፣ የታወቁ ሙታን ስለሆኑም ጭምር ነው። እንደዚሁም ከገበያ አሮጌ ክታብ ወይም ልፋፈ ጽድቅ ገዝተው በሸራ ላይ እንዳይለጥፉ። ልፋፈ ጽድቅ ከሟች ጋር እንዲቀበር የሚጻፍ ነው፤ በእጅዎ የገባው ወይ ለአንድ ሰው ተጽፎ ሳይቀበር የቀረ ነው፣ ወይም ከማይገባ ቦታ የወጣ።


የጣና ዳር ሠዓሊት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘኁልቆ የጠየቁትን በቅንነት ልመልስ፦ ማስፈራቱን የፈለግሁት በሐዘንተኛው ላይ ለመጫወት አይደለም። በአሁኑ ጊዜ ከተማ ውስጥ ለቅሶ የምንደርሰው ሰዓት እያየን ነው፤ ንፍሯችንን ቆንጠር አድርገን፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለን፣ ስልካችንን እያየን እንወጣለን። ሰው ለአፍታ እንኳ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገው ፍርሃት ከሆነ ፍርሃቱን ልጠቀምበት ብዬ ነው። ሰማንያ ላላወጣ ሰው ግን በር ላይ ርእሱን በግልጽ ጽፌ አኖራለሁ።

የራስ ቅሎቹን ትቻቸዋለሁ። ኮርቻው፣ ባለ አንድ ዓይኗ ሐዘንተኛና የሆሳዕናው ሕዝብ ይሠራሉ። ስለ ዳጋም አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል፦ አፅሙን ሳይሆን እኔ እስከምደርስበት ድረስ ያለውን፣ ማለትም ከታንኳ ላይ የሚታየውን ውኃ፣ ደኑንና ከደኑ መካከል የሚጠፋውን የመውጫ መንገድ ብቻ ብሥልስ? አሁን የቀረኝ የዕቃውና የብርሃኑ ጉዳይ ነው። አዳራሹ በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ መስኮት ስለሆነ የሐይቁ ነጸብራቅ ቀኑን ሙሉ ጣሪያው ላይ ይጫወታል።


ጥቀርሻ፦

የዳጋው ሐሳብ ከሁሉም ይበልጣል፤ እባክዎ አይተዉት። ያንን ሥዕል በአዳራሹ መጨረሻ ላይ ብቻውን ያድርጉት፣ ከጎኑም ማብራሪያ አይለጥፉ፤ እዚህ ከተማ ያለች ሴት ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

ስለ ዕቃ፦ አክሪሊኩን ለዚህ ሥራ አልመርጥም፣ ያብለጨልጫል። በጣና ዙሪያ ያሉት ብዙዎቹ የግድግዳ ሥዕሎች መጀመሪያ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ ከግድግዳው ጋር የተለጠፈ ነው፤ ጠርዙ ሲላቀቅና ሲንጠለጠል የሚፈጥረው ስሜት በክፈፍ በተወጠረ ሸራ አይገኝም። ስለዚህ አቡጀዲ ይግዙ፣ በስሱ ሙጫ ይቀቡት፣ ሳይወጥሩ ከላይ ብቻ ይስቀሉት፤ ሰው ሲያልፍ በሚፈጥረው ነፋስ ይንቀሳቀሳል። ለጥቁሩ ከከሰሉ ይልቅ ከምጣድ ሥር የሚፋቅ ጥቀርሻ በውኃና በሙጫ በጥብጠው ይሞክሩ፤ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም መነሻውም ጥቀርሻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ብርሃን አይመልስም፣ ጉድጓድ ይመስላል። ከል ለብሳ ለምትሣለው ሴት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ኮርቻውን ደግሞ ሥለው ከሚሰቅሉት እውነተኛውን ተውሰው በሰው ቁመት ልክ በሲባጎ ከጣሪያ ቢያንጠለጥሉት፣ እርካቦቹ ውስጥ ድንጋይ አስረው ቢወጥሯቸው፣ የደራው ሰው የነገሩን ነገር ሳይቀንስ ይመጣል።

ብራና ካገኙ፣ አዲስ የተፋቀ ማለቴ ነው፣ አሮጌውን አይንኩ፣ ከኋላው ብርሃን ሲበራ ሰም መስሎ ያሳልፈዋል፤ የፍየሉ ቆዳ የደም ሥር ሳይቀር ይታያል። በብራናና በክታብ መንፈስ መሥራት በዘመናዊ ሥነ ጥበባችን እንግዳ አይደለም፤ እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) እና ዘሪሁን የትምጌታ ሁለቱም ከዚያ ምንጭ ቀድተው የየራሳቸውን አድርገውታል፤ በተለይ ዘሪሁን በቀርከሃ ዘንጎች ላይ የሠራቸው ቀጫጭን ሥራዎች ቁመትን እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ያስተምራሉ። አይቅዷቸው እንጂ ይመልከቷቸው።

መስኮቱን አይሸፍኑት። የሐይቁ ነጸብራቅ ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ብርሃን ነው፤ ከታች የበራ ፊት ደግሞ ያለ ምንም ድካም ያስፈራል። ሐዘንተኛዋን ነጸብራቁ በሚያገኛት ግድግዳ ላይ ካደረጓት ረፋድ ላይ ጥላው በፊቷ ላይ ይሄዳል፤ ስለዚህ መክፈቻውን ማታ አያድርጉት፣ ሁሉም ሰው ማታ ያደርገዋል። ጧፍ ለማብራት ካሰቡ ግን ይጠንቀቁ፤ የተንጠለጠለ አቡጀዲና ጧፍ በአንድ አዳራሽ አይኖሩም፤ ሽታውን ከፈለጉት ያልበራ ጧፍ በእቅፍ አድርገው በር አጠገብ ያኑሩ፣ የሰሙ ሽታ ይበቃል።


የወሎ ሰፈር፦

እኔ ሙስሊም ስሆን ባለፈው ሳምንት ይህንን ውይይት ለባለቤቴ አነበብኩላት። በእኛ በኩል ሟች በነጭ ከፈን ተገንዞ በዚያው ቀን እንዲቀበር ይፈጠናል፣ ፊቱንም በሥዕል ማሳየት አይወደድም፤ ስለዚህ ሥራዎ ፊት የሌለበት ክፍል እንዲኖረው ማሰብዎ ብዙዎቻችንን ሳይከፋን እንድንገባ ያደርገናል። የጀናዛ (የቀብር) ሶላት ላይ ሩኩዕም (ማጎንበስም) ሱጁድም (ግንባርን መሬት ማስነካትም) የለም፤ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ ነው የሚሰግደው። ያ ዝም ብሎ የቆመ ሰልፍ ከኋላ ሲታይ ለሥዕል ይሆናል ብዬ አስባለሁ።


የጣና ዳር ሠዓሊት፦

ከኋላ የሚታየው ሰልፍ ከሆሳዕናው ሕዝብ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አደርጋለሁ፤ ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ መካከል ላይ የሚቆመው ሰው የት እንደገባ ይጨነቃል። ከመሣሌ በፊት ንድፉን እልክልዎታለሁ፤ ባለቤትዎም ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ጥቀርሻ፣ አቡጀዲውን ገዝቻለሁ፤ ሙጫውን በሙቅ ውኃ ነው ወይስ በቀዝቃዛ የሚበጠብጡት?


ጥቀርሻ፦

የእንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጩ ሙጫ ከሆነ በቀዝቃዛ፣ አንድ እጅ ሙጫ በሦስት እጅ ውኃ። መጀመሪያ አቡጀዲውን ሳሙና ሳይነካው በደንብ ይጠቡት፣ ከፋብሪካ ሲመጣ የሚቀባው ነገር ቀለሙን ይገፋዋል። ኮርቻ የሚያውሰው ሰው ካጡ ቅዳሜ ገበያ በቅሎ ጭነው ከሚመጡት አንዱን ይጠይቁ፤ ግን ለምን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩት።